የባልዲው ጆሮ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ይሰነጠቃል፤ እናወፍረው ወይስ ብረቱን እንቀይር?

የጥገና_መሐንዲስ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ወገኖች። ክፍት ማዕድን ላይ ነው የምሠራው፤ የትላልቅ ቁፋሮ ማሽኖች ጥገና ላይ። አንድ ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶኛል። ልምድ ያላችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

የትልቁ ሾቭላችን (የመቆፈሪያና የመጫኛ ማሽን) ባልዲ ጆሮ አለው። ፒኑ የሚያልፍበት፣ ሙሉውን ባልዲ ተሸክሞ የሚውል ወፍራም ካስቲንግ (ቀልጦ በሻጋታ የተፈሰሰ ብረት) ነው። ብረቱ ሎው አሎይ ስቲል (ጥቂት ሌላ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት) ነው፤ በአሸዋ ሻጋታ የተፈሰሰ። ስንጥቁ ሁሌም የሚጀምረው ጆሮው ከባልዲው ጀርባ ጋር ከሚገናኝበት ክብ ማዕዘን ነው። ፈልፍለን እናወጣዋለን፣ እንበይደዋለን፣ ሥራ ይጀምራል። ጥቂት ወራት ቆይቶ እዚያው ይከፈታል። በመጨረሻ አዲስ ካስቲንግ ገዝተን ቀየርነው። እሱም በዚያው ቦታ ተሰነጠቀ።

ግራ የገባኝ ወረቀቱ ንጹሕ መሆኑ ነው። ኬሚካሉ ልክ ነው። የመሳብ ፈተናውን አልፏል። ሃርድነሱም (የገጹ ጥንካሬ) በተባለው ውስጥ ነው።

ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ "ማዕዘኑን አወፍሩት" ይላል። ሌላው "ጠንከር ያለ ብረት እዘዙ" ይላል። ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት እናንተ ምን ትላላችሁ?

---

ከማቅለጫ_ቤት

ወንድሜ፣ እባክህ ማወፈሩን ለጊዜው ተወው። ካስቲንግ በማፍሰስ ነው የምኖረው፤ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

የቀለጠ ብረት ሲረጋ ይኮማተራል። ስቲል ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲለወጥ ብቻ ይዘቱ ወደ 3 በመቶ ይቀንሳል። የጎደለው ከየትም ይምጣ ከየትም መሞላት አለበት። ራይዘር የምናስቀምጠው ለዚህ ነው። ራይዘር ማለት ከካስቲንጉ ጋር የተያያዘ ተጨማሪ የብረት ክምችት ነው። ከካስቲንጉ ዘግይቶ መርጋት አለበት፤ እስከዚያ ፈሳሽ ይመግባል። ራይዘሩ ቀድሞ ከረጋ፣ ወይም ወደ ወፍራሙ ቦታ የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ ጉድለቱ ውስጥ ይቀራል። ከውጭ ምንም አይታይም። ስትቆርጠው ስፖንጅ የመሰለ ነገር ታገኛለህ።

የመርጊያ ጊዜን ክቮሪኖቭ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 በቀመር አስቀምጦታል። ይዘቱን ለገጽ ስፋቱ አካፍል፤ ጊዜው ከዚያ ቁጥር ካሬ ጋር ይሄዳል። በቀላሉ ለማለት፣ አንድን ሰሌዳ በእጥፍ ብታወፍረው ለመርጋት አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጆሮህ እንምጣ። ጆሮውና ጀርባው የሚገናኙበት ቦታ ከሁለቱም ይወፍራል። ስለዚህ መጨረሻ የሚረጋው እሱ ነው። በደንብ የሚመግበው ራይዘር ከሌለ ባወፈርከው ቁጥር ውስጡን ባዶ እያደረግከው ነው። ድሮዊንጉ ላይ የጠነከረ ይመስልሃል፤ ሜዳ ላይ ያው ነው።

ሁለት ነገር ንገረኝ። ራይዘሩ የቱ ጋ ነበር? የተቆረጠበት ቦታ ተሞርዶም ቢሆን ብዙ ጊዜ ምልክቱ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ የተሰበረውን ገጽ አይታችሁታል?

---

ብየዳ_ሾፕ

እኔ ግን መጀመሪያ ብየዳውን ነው የምጠረጥረው።

"ፈልፍለን እንበይደዋለን" ብለሃል። በምን ፈለፈላችሁት? በካርበን ጋውጂንግ (በካርበን ዘንግ አርክ አቅልጦ በአየር ማስወገድ) ከሆነ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ካርበን የጠጣ ጠንካራ ቆዳ ይቀራል። እሱን በግራይንደር እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ካላነሳችሁት የመጀመሪያው ስፌት የሚያርፈው ሊሰነጠቅ በተዘጋጀ ብረት ላይ ነው። ስንጥቁ በሙሉ መውጣቱንስ በምን አረጋገጣችሁ? በዓይን አይበቃም። ወይ ማግኔቲክ ፓርቲክል (በማግኔትና በብረት ዱቄት) ወይ ዳይ ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ በሚገባ ቀለም) ይደረግበታል። ጥቂት ሚሊሜትር ስንጥቅ ከሥር ትታችሁ ከላይ ብትሞሉት ቀብራችሁታል እንጂ አልጠገናችሁትም።

ቀጥሎ ሙቀት። ወፍራም ሎው አሎይ ካስቲንግ ሳይሞቅ አይበየድም። ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከብረቱ ኬሚካልና ከውፍረቱ ይወጣል። ወፍራም ብረት ሙቀት ይመጥጣል። ከላይ በላምባዲና ነክተህ "ሞቋል" ብትል በደቂቃ ውስጥ ወደ ውስጥ ይጠጣዋል። ከተቻለ ከእሳቱ በተቃራኒው በኩል ለካ። የሙቀት ጠመኔ ርካሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ በያጅ ኪስ አንድ ይግባለት።

ሃይድሮጅንን አትርሱ። 7018 የሚባለው የብየዳ ኤሌክትሮድ ካርቶኑ ተከፍቶ ሲያድር እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ አርክ ውስጥ ገብቶ ሃይድሮጅን ይሆናል። የሃይድሮጅን ስንጥቅ ደግሞ ወዲያው አይወጣም፤ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት ወይም ከቀን በኋላ ነው የሚከፈተው። ለዚህ ነው የመጨረሻው ፍተሻ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደረግ የሚባለው። ማሽኑ በተበየደበት ሌሊት ሥራ ከወጣ ያንን ማንም አያየውም።

---

የጥገና_መሐንዲስ

መልስ ለብየዳ_ሾፕ፦ ጋሼ፣ በጋውጂንግ ነው የፈለፈልነው። ግራይንድ ተደርጓል፤ ዳይ ፔኔትራንትም ተደርጓል። ማሞቂያውና 48 ሰዓቱ ላይ ግን ጥያቄዎ ልክ ነው። ምርት ስለሚጠብቀን ማሽኑ ቶሎ ይወጣል።

ሆኖም አዲሱ ካስቲንግ እዚያ ማዕዘን ላይ በእኛ እጅ ብየዳ አልነካውም። የተበየደው ዙሪያው ነው፤ ከማዕዘኑ ርቆ። ስለዚህ ብየዳው ብቻ አይመስለኝም።

መልስ ለከማቅለጫ_ቤት፦ የድሮው ጆሮ ግማሹ ተገንጥሎ ወርዷል፤ መጋዘን ነው ያለው። ነገ አጥቤ ፎቶ አነሳለሁ።

---

ፍተሻ_ክፍል

አይታጠብ! ይህን ለማለት ነው የገባሁት።

የተሰበረ ገጽ የጉዳዩ ምስክር ነው። በሽቦ ብሩሽ አትነካው። ሁለቱን ስብራቶች "ይገጥማሉ ወይ?" ብለህ መልሰህ አታጋጥማቸው፤ ጫፎቹ ይጨፈለቁና የሚነበበው ይጠፋል። ጭቃ ካለበት ለስላሳ ብሩሽና ሶልቨንት፣ ከዚያ አድርቀህ ዝገት መከላከያ ቀባው። ናሙና የሚቆረጥ ከሆነ ከገጹ ራቅ ብሎ ይቆረጥ፤ የጋዙ ሙቀት እንዳይደርስበት። የካስቲንጉን የሂት ቁጥርም (ከየትኛው ቅልጥ እንደተፈሰሰ የሚለየውን) ጻፍ፤ ብዙ ጊዜ በጎን በፊደልና በቁጥር ተጥሎ ይወጣል።

ገጹ ላይ የሚፈለገው ይህ ነው። እየተለጠጠ የሚሄድ የግማሽ ክብ መስመር ካየህ ፋቲግ (በተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣ የብረት ድካም) ነው፤ ስንጥቁ ቀስ በቀስ አድጓል። መስመሮቹን ወደ ኋላ ተከትለህ ስትሄድ መነሻው ላይ ያደርሱሃል። መነሻው ገጹ ላይ ነው ወይስ ከውስጥ? ይህ አንድ ጥያቄ ግማሹን ክርክር ይዘጋል።

ወረቀቱ ንጹሕ መሆኑ ለምን አይገርመኝም መሰለህ? የመሳብ ፈተናው የተሠራው ከጆሮው ተቆርጦ አይደለም። ለብቻው ከተፈሰሰ የሙከራ ብሎክ ነው። ያ ብሎክ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይረጋል፣ ውስጡም ሙሉ ነው። ብረቱ ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ጆሮህ ውስጥ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ግን ሊነግርህ አይችልም። ሃርድነሱም ቆዳው ላይ ነው የሚለካው። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን የጠየቅከውን አልመለሰም።

---

ድንጋይ_ፈጪ

ሰዎች ነገሩን ታወሳስባላችሁ። ማንጋኒዝ ስቲል አድርጉትና ገላግሉት። ክረሸራችን (ድንጋይ መፍጫው) ውስጥ ቀንና ሌሊት ድንጋይ ይፈጫል፤ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል። ጆሮስ ለምን አይሆንም?

---

ከማቅለጫ_ቤት

መልስ ለድንጋይ_ፈጪ፦ ማንጋኒዝ ስቲልን እኔም እወደዋለሁ፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። ግን ቦታው አይደለም።

ሮበርት ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 ሼፊልድ ውስጥ ያገኘው ብረት ነው። ካርበኑ 1.2 በመቶ፣ ማንጋኒዙ ከ12 እስከ 13 በመቶ አካባቢ። ሲወለድ ለስላሳ ነው፤ በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ 200 ገደማ። በኃይል ሲመታ ቆዳው ወደ 500 ይደርሳል፤ ውስጡ ግን ሳይሰበር ይታጠፋል። ለማንትልና ለመንጋጋ ሰሌዳ (ድንጋዩን ለሚፈጩት የክረሸር ክፍሎች) የተመቸው ለዚህ ነው። የጆሮ ሥራ ግን ሌላ ነው። ጆሮ የሚጎተት እንጂ የሚፈጭ አይደለም። ይህ ብረት ደግሞ ገና በትንሽ ጭነት ነው ቅርጹን መልቀቅ የሚጀምረው። የፒኑ ቀዳዳ ይለጠጥና ወደ እንቁላል ቅርጽ ይሄዳል። ቡሹ (በፒኑና በቀዳዳው መካከል ያለው ቀለበት) ይላወሳል፤ ያኔ ሌላ ችግር ገዛህ ማለት ነው።

ለክረሸርህም ቢሆን ሁለት ነገር ያዝ። ማንጋኒዝ ስቲል ከተፈሰሰ በኋላ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ወዲያው በሚናወጥ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ከምድጃ እስከ ውሃ ያለው ጊዜ ከረዘመ፣ ወይም ካስቲንጉ በጣም ከወፈረ፣ መሃሉ ላይ ካርባይድ (ጠንካራ የካርበን ውህድ) ይቀርና ተሰባሪ ይሆናል። "ወፍራም ማንትል ብዙ ይቆያል" ብሎ ማዘዝ ሁልጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ከ260 ዲግሪ በላይ ዳግመኛ አታሙቀው። እዚህ ላይ ከሎው አሎይ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ሳይሞቅ አይበየድም፣ ሌላው ከሞቀ ይበላሻል።

---

ድንጋይ_ፈጪ

ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ አንድ በያጅ ማንጋኒዙን እንደ ሌላው ብረት በላምባዲና አሙቆ በየደው። ከሥራ ስንመለስ ከብየዳው ጎን ቁራጭ ሆኖ ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማግኔት ይዘን ነው የምንዞረው። ማግኔት የማይዘው ከሆነ ማንጋኒዝ ነው ብለን እንነሳለን፤ አጭር አጭር ስፌት፣ እጅ እስኪያስቀምጥ ድረስ ማቀዝቀዝ።

---

ፍተሻ_ክፍል

ማግኔቱ ጥሩ ልማድ ነው። ግን የካስቲንጉ ቆዳ ብዙ ጊዜ ካርበኑን ስለሚያጣ ማግኔቱን በትንሹ ሊስበው ይችላል። ትንሽ ሞርደህ ሞክረው።

ማንጋኒዝ ላይ ማግኔቲክ ፓርቲክል አይሠራም፤ አልትራሳውንዱም (የድምፅ ሞገድ ፍተሻ) በትልልቅ ግሬኑ (በብረቱ ቅንጣቶች) ምክንያት ይረበሻል። ለላይኛው ገጽ ዳይ ፔኔትራንት፣ ለውስጡ ራዲዮግራፊ (የጨረር ፎቶ) ነው የሚቀርህ።

---

የጥገና_መሐንዲስ

እህቴ፣ ምክርሽን ሰምቼ ሳላጥብ አየሁት።

ያየሁትን ልግለጽ። የግማሽ ክብ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው አሉ። ተከትዬ ስሄድ የሚያበቁት ቆዳው ላይ አይደለም። ከክብ ማዕዘኑ ሥር፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አውራ ጣት የሚያህል ጠቆር ያለ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ የተቀደደ አይመስልም። በአጉሊ መነጽር ሳየው ጥቃቅን ቅርንጫፎች ያሉት፣ ጫፋቸው ክብ ክብ የሆነ፣ የበቀለ የሚመስል ነገር ነው። ከእሱ ፊት ለፊት፣ በውጭው ገጽ ላይ፣ ሰፋ ያለ የግራይንደር ምልክት አለ። ክብ ነው።

---

ከማቅለጫ_ቤት

ያ ክብ ምልክት ራይዘሩ የተቆረጠበት ቦታ ነው። ቅርንጫፎቹ ደግሞ ዴንድራይት ናቸው፤ ብረት ሲረጋ የሚያድግበት ቅርጽ። ጫፋቸው ክብ ሆኖ ከታየ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣብቀው አያውቁም ማለት ነው። ተሰብረው አይደለም የተለያዩት። ገና ሲረጋ ጀምሮ መካከላቸው ባዶ ነበር። የመኮማተር ቀዳዳ ነው፤ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አታገኝም።

ለምን እዚያ? በዚህ መድረክ ብዙ ሰው ራይዘር ካለ ሥሩ የተጠበቀ ነው ብሎ ያስባል። ልክ የሚሆነው ራይዘሩ በቂ ሲሆን ነው። እኛ ስናሰላ የይዘት ለገጽ ስፋት ቁጥሩ ከሚመግበው ቦታ ቢያንስ 1.2 እጥፍ እንዲሆን እናደርጋለን። ካነሰ ቀዳዳው ከራይዘሩ ወርዶ ካስቲንጉ ውስጥ ይገባል። ስትቆርጠው ግማሹ ከራይዘሩ ጋር ይሄዳል፣ ግማሹ ከአንተ ጋር ይቀራል። የራይዘሩ አናት ሳይሸፈን ቀድሞ ከቀዘቀዘም ያው ነው። የሚያሞቅ እጀታና ከላይ የሚነሰነስ ዱቄት የምንጠቀመው ለዚህ ነው።

የአቆራረጡ ነገርም አለ። ሎው አሎይ ስቲል ላይ ትልቅ ራይዘር በጋዝ ሲቆረጥ ካስቲንጉ ትኩስ መሆን አለበት። በቀዝቃዛው ከተቆረጠ የተቆረጠው ገጽ ላይ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈጠራል። ግራይንደሩ ያስተካክለዋል እንጂ ሁልጊዜ አያወጣውም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ራይዘሩን ከማዕዘኑ አንስቼ ወደ ፒኑ ቀዳዳ ዙሪያ እወስደዋለሁ፤ እዚያ ላይ ውፍረትም አለ፣ ስትረሱም (ጭነቱ በብረቱ ውስጥ የሚፈጥረው ውጥረት) ያነሰ ነው። ክብ ማዕዘኑ ላይ ሻጋታው ውስጥ ቺል አስገባለሁ፤ ሙቀቱን ቶሎ የሚጠጣ የብረት ቁራጭ። እንዲህ ሲሆን ማዕዘኑ ቀድሞ ይረጋል፣ ራይዘሩ መጨረሻ። ራይዘር የፈለገበት ርቀት ድረስ አይመግብም። ለሰሌዳ ቅርጽ የሚሠራበት የቆየ መለኪያ ከራይዘሩ ጠርዝ እስከ ካስቲንጉ ጫፍ የውፍረቱ 4.5 እጥፍ ነው። ዛሬ በሲሙሌሽን ከመፍሰሱ በፊት ማየት ይቻላል፤ ለእንዲህ ያለ ከባድ ካስቲንግ ሳያዩ ማፍሰስ ተገቢ አይደለም።

---

ንድፍ_ጠረጴዛ

ከዲዛይን ወገን ነኝ። የማቅለጫውን ነገር እቀበላለሁ፤ ግን ቀዳዳ ያለበት ካስቲንግ ሁሉ አይሰበርም። የተሰበረው ቀዳዳው ከፍተኛ ስትረስ ካለበት ቦታ ጋር ስለገጠመ ነው። የፒኑ ቀዳዳ ዙሪያ ላይ ያው ቀዳዳ ቢኖር ባልዲው እስኪያረጅ ላያስቸግር ይችላል። ስለዚህ "ምንም እንከን አይኑር" ብሎ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። የት የት መኖር እንደሌለበት መናገር ነው የሚያዋጣው። ለፋውንደሪው (ለማቅለጫ ቤቱ) የሚላከው ድሮዊንግ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ዞን ካልኖረ፣ ቀላጩ ራይዘሩን ለሥራው በሚመቸው ቦታ ያደርጋል። ማንም አልነገረውማ!

ክብ ማዕዘኑንም እንየው። ራዲየሱ ስንት ነው? ከፍ ማድረግ ከተቻለ ከማወፈር ይልቅ እሱ ይረዳል። ስትረሱን ይበትናል፤ ትኩስ ስንጥቅንም (ብረቱ ሲረጋ የሚፈጠረውን) ይቀንሳል። ከልክ በላይ ከተለቀቀ ግን እዚያው ቦታ ብረት ይከማችና ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል። ከማቅለጫው ጋር ቁጭ ብሎ መወሰን ነው።

ጭነቱን የረሳው ሰው ደግሞ ሁሉንም ረሳ። ለተበየደ ብረት ፋቲግ ሲሰላ ዕድሜው ከስትረሱ ኩብ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ስትረሱ 10 በመቶ ቢጨምር ዕድሜው በሩብ ያጥራል። 20 በመቶ ቢጨምር ከ60 በመቶ በታች ይቀርሃል። ባልዲው ላይ ተጨማሪ ሰሌዳ ለጥፋችኋል? ጥርሱን በከባድ ቀይራችኋል? ቡሹ አርጅቶ ፒኑ ይንኳኳል? ቡሽ ሲላላ ጭነቱ በዝግታ መምጣቱ ይቀርና በምት ይሆናል። አንዱ ጆሮ ከሌላው በፊት የሚሸከምበት ጊዜም ይመጣል።

---

ሾቭል_ኦፕሬተር

እናንተ የምትሉትን ሁሉ አልገባኝም፤ ግን አንድ ነገር ከወንበሬ አያለሁ። ትልቅ ድንጋይ ሲያስቸግር ባልዲውን ወደ ጎን አዙረው የሚገፉ ልጆች አሉ። ጆሮዎቹ ያኔ ይጮሃሉ። ይህ ጉዳት እንዳለው ለኦፕሬተር በግልጽ የነገረው ሰው የለም። ይነገር።

---

ንድፍ_ጠረጴዛ

በትክክል። ጆሮው የተሰላው ለፊትና ለኋላ ነው። በጎን ሲገፋ ክብ ማዕዘኑ ላይ ያልታሰበ መታጠፍ ይመጣል። እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው የነገርከን።

---

የጥገና_መሐንዲስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባልዲው ላይ ለብቻው የተለጠፈ የመከላከያ ሰሌዳ አለ፤ ክብደቱን ማንም አልመዘነውም። ያንን እንመዝነዋለን።

አሁን ጥያቄዬ ግዢው ላይ ነው። ፋውንደሪው የራይዘር አቀማመጡን ሊያሳየን አልፈለገም፤ "የሙያ ምስጢር ነው" አለን። ትዕዛዙ ላይ ምን ልጻፍ?

---

ከማቅለጫ_ቤት

ምስጢሩን ተወው፤ ውጤቱን ጠይቅ። ድሮዊንጉ ላይ ቀይ ዞን አስምር፤ "በዚህ ዞን ራይዘር አይቀመጥም" ብለህ ጻፍ። ይህ ምስጢር መጠየቅ አይደለም። በጤና የሚሠራ ማቅለጫ ቤት እምቢ አይልህም።

ሌላው ብየዳ ነው። አዎ፣ ፋውንደሪዎች ካስቲንግ ይበይዳሉ። የሚደበቅም ነገር የለውም፤ ትልቅ ካስቲንግ ያለ ጥገና ብየዳ እምብዛም አይወጣም። ዋናው ነገር መቼና የት ተበየደ የሚለው ነው። ከመጨረሻው ሂት ትሪትመንት (ብረቱን አሙቆ በማቀዝቀዝ ማከም) በፊት ከተበየደ ብየዳውም ከካስቲንጉ ጋር ይታከማል። ከዚያ በኋላ ከተበየደ ጠርዙ ላይ ጠንካራ፣ ተሰባሪ ቀጠና ይቀራል። በኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. (የቁሳቁስ ደረጃ አውጪ ድርጅት) አሠራር ከግድግዳው ውፍረት 20 በመቶ ወይም ከ25 ሚሊሜትር (ከሁለቱ ያነሰው) የጠለቀ፣ ወይም ከ65 ካሬ ሴንቲሜትር የሰፋ ጥገና "ትልቅ" ይባላል። ለትልቁ ሁሉ የብየዳ ካርታ ይላክልህ፤ የት፣ ምን ያህል፣ ከየትኛው ሂት ትሪትመንት በፊት። በቀይ ዞን ውስጥ ከሆነ ሳይነገርህ አይበየድ።

የመጀመሪያው ካስቲንግ ደግሞ ይቆረጥ። በቀይ ዞኑ መሃል በመጋዝ ይከፈል፣ ይሞረድ፣ በአሲድ ይታይ። ከዚያ በኋላ አፈሳሰሱ ያለ ፈቃድ አይቀየርም።

---

ንድፍ_ጠረጴዛ

መቁረጡ ላይ አልስማማም። ይህን የሚያህል ካስቲንግ አንዱን አፍስሶ መጣል ለሁለት ጆሮ ብቻ ለሚያዝ ሰው አይቻልም። አስተዳደሩም አይፈርምለትም።

---

ፍተሻ_ክፍል

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ብዙ የሚታዘዝ ከሆነ አንዱን መቁረጥ ያዋጣል። ሁለት ብቻ ከሆነ ግን ቀይ ዞኑን ሳይቆርጡ ማየት ይቻላል።

እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው። አልትራሳውንድ በኤ609 (የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የፍተሻ ደረጃ) መሠረት፣ ቀይ ዞኑ በጠባቡ ደረጃ፣ ሌላው ላላ ባለው። ከሂት ትሪትመንት በኋላ ነው የሚደረገው፤ ከዚያ በፊት ግሬኑ ሻካራ ስለሆነ ድምፁን ይበትነዋል። የአንተ ቀዳዳ ከቆዳው ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ላይ ነበር። ተራው ቀጥ ያለ ፕሮብ ለገጹ ቅርብ የሆነውን በደንብ አያይም። ስለዚህ ባለ ሁለት ክሪስታል ፕሮብ ይጠቀሙ ብለህ በስም ጻፈው። ይህች አንዲት መስመር ከሌለች "አልትራሳውንድ አልፏል" የሚል ወረቀት ይመጣልህና ያው ቀዳዳ ውስጡ ይኖራል።

ራዲዮግራፊ ከታከለ ደግሞ የማመሳከሪያ ፎቶዎቹ በውፍረት ይለያያሉ። በኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. መለያ እስከ 51 ሚሊሜትር ኢ446፣ እስከ 114 ኢ186፣ እስከ 305 ኢ280። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 1 ንጹሑ ነው። "ራዲዮግራፊ ይደረግ" ብቻ ብለህ ደረጃውን ካልጻፍክ ማንም አምስተኛውንም ሊያሳልፍልህ ይችላል።

ማግኔቲክ ፓርቲክል ከመጨረሻው ግራይንዲንግ በኋላ፣ ራይዘር የተቆረጠባቸው ቦታዎች ሁሉ ላይ። የሙከራ ብሎኩም ቢሆን የካስቲንጉን ውፍረት የሚመስል፣ አብሮ የተፈሰሰና አብሮ ሂት ትሪትመንት የገባ ይሁን። ማሽኑ ብርድ ቦታ የሚሠራ ከሆነ የቻርፒ (በምት የመስበር) ፈተናው በዚያው ብርድ ልክ ይደረግ። በክፍል ሙቀት ያለፈ ብረት በብርድ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል።

---

ከማቅለጫ_ቤት

በፕሮቡ ጉዳይ ላይ መቶ በመቶ። ለቀጣይ ስብራት የሚሆን አንድ ምልክት ልጨምር። የተሰበረው ገጽ በትልልቅ የሚያብረቀርቁ ፊቶች የተሞላ ከሆነ፣ እንደ ተሰበረ ክሪስታል፣ ጉዳዩ የመኮማተር ቀዳዳ አይደለም። ወፍራም ካስቲንግ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አሉሚኒየምና ናይትሮጅን በግሬኖቹ ድንበር ላይ ተጣምረው ያደክሙታል። ያ በራይዘር አይድንም፤ ማቅለጫው የአሉሚኒየሙንና የናይትሮጅኑን መጠን መቆጣጠር አለበት። ለክፉ ቀን ያዙት።

---

የጥገና_መሐንዲስ

ትዕዛዙን በዚህ መልክ እጽፋለሁ። ማወፈሩም ማጠንከሩም ቀርቷል። የተሰበረውን ገጽ ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ለፋውንደሪው እልካለሁ።

የቀረኝ አንድ ነው። አዲሱ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። አሁን ማሽኑ ላይ ያለውን ጆሮ እንዴት ላቆየው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ስንጥቁ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ብሳው፣ ይቆማል" ይለኛል።

---

ብየዳ_ሾፕ

በቀጭን ሰሌዳ ላይ ይሠራል። ጆሮህ ግን ወፍራም ነው፤ ስንጥቁም ከውስጥ ነው የመጣው። ቆዳው ላይ የምታየው ጫፍ የስንጥቁ ጫፍ አይደለም፤ ከሥር ቀድሞህ ሄዷል። ብትበሳው ራስህን ታታልላለህ።

ጥልቀቱን በአልትራሳውንድ ከፒኑ ቀዳዳ በኩል አስለካ። ከዚያ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፈልፍል፤ ያ የጠቆረው ቦታ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ በዓይንህ እይ። ማግኔቲክ ፓርቲክል፣ ማሞቅ፣ ከምድጃ የወጣ ደረቅ ኤሌክትሮድ። ሥራው ሳይቋረጥ በአንድ ሙቀት ያልቅ። ሲያልቅ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። የስፌቱን ጠርዝ ከካስቲንጉ ጋር እስኪስተካከል ሞርደው፤ የሞረዱ ጭረት ጭነቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን እንጂ አይቁረጠው። 48 ሰዓቱን ለምርት ክፍል አስቀድመህ አሳውቅ፤ ዕቅድ ውስጥ ከገባ አይጣሉህም።

የቧንቧ ማሰሪያም ይሁን የመሰላል እግር፣ ማንም በዚያ ጆሮ ላይ ትንሽ ነገር በነጥብ ብየዳ እንዳይለጥፍ። ሳይሞቅ የተደረገች አንዲት ነጥብ ብየዳ ራሷ አዲስ ስንጥቅ ትጀምራለች።

---

የጥገና_መሐንዲስ

ገባኝ፣ ጋሼ። የሚቀጥለው የታቀደ ጥገና ላይ ሁለት ቀን ተጨማሪ ጠይቄያለሁ፤ ተፈቅዷል። ጆሮው ላይ የመብራት ገመድ ማሰሪያ ተበይዶ አግኝቻለሁ። እሱንም እናነሳዋለን፤ ሥሩ በማግኔቲክ ፓርቲክል ይታያል። የአልትራሳውንዱ ውጤት ሲመጣ እዚሁ እለጥፋለሁ።